የባርኮድ ቁጥሮች

የባርኮድ ቁጥር በሸቀጥ ማሸጊያ ላይ ከጥቁርና ነጭ መስመሮች ግርጌ የሚታተም፣ ብዙውን ጊዜ 13 ወይም 12 አኃዝ ያለው፣ አንድን የምርት ዓይነት ከሌላው ለይቶ የሚጠራ ቁጥር ነው። መስመሮቹና አኃዞቹ የያዙት መልእክት አንድ ነው፤ መስመሮቹ ለስካነር፣ አኃዞቹ ለሰው ዓይን ተጽፈዋል። ማሸጊያው ተጨማዶ ወይም ቀለሙ ተፍቆ ማሽኑ አላነብ ሲል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ቁጥሩን በጣቷ የምታስገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩ የዕቃው መጠሪያ እንጂ መግለጫ አይደለም። ዕቃው የት እንደተሠራ፣ ስንት እንደሚሸጥ፣ መቼ እንደሚበላሽ፣ ጥራቱ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። ስለ ባርኮድ የሚወሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ካለማወቅ ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ቁጥር አካላት

በአውሮፓ ገበያ የሚሸጠውን ባለ 33 ሴንቲ ሊትር የኮካ ኮላ ጣሳ እንመልከት። ቁጥሩ 5449000000996 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች፣ 544፣ ቁጥሩ የባርኮድ ቁጥር ከሚሰጡት ጽሕፈት ቤቶች በየትኛው አገር ባለው በኩል እንደተሰጠ ያመለክታሉ። ከ540 እስከ 549 ያለው ክልል የቤልጂየምና የሉክሰምበርግ ነው። እነዚህን ሦስቱን ጨምሮ 5449000 የሚለው የድርጅቱ መለያ ሲሆን በሌሎች የኩባንያው መጠጦች ላይም ይገኛል። ቀጥሎ የሚመጣው 00099 ኩባንያው ራሱ ለዚህ ምርት፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ ማሸጊያ የሰጠው ተራ ቁጥር ነው። የመጨረሻው 6 ከፊቱ ካሉት አሥራ ሁለት አኃዞች ተሰልቶ የሚገኝ የማረጋገጫ አኃዝ ነው።

የድርጅት መለያ ርዝመት ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ብዙ ዓይነት ምርት ያለው ኩባንያ አጭር መለያ ይወስዳል፤ ለምርቶቹ የሚቀሩለት አኃዞች ስለሚበዙለት ነው። ጥቂት ምርት ያለው ደግሞ ረዘም ያለ መለያ ይበቃዋል። ስለዚህ የድርጅቱ መለያ የት አልቆ የምርቱ ተራ ቁጥር የት እንደሚጀምር ቁጥሩን በማየት ብቻ ማወቅ አይቻልም። ተራ ቁጥሩም ውስጠ ትርጉም እንዲኖረው አይጠበቅም፤ በቅደም ተከተል መስጠት ይመከራል።

ቁጥሩ የሚሰጠው ለምርቱ ዓይነት እንጂ ለእያንዳንዷ ጣሳ አይደለም። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሃያ አራት ጣሳዎች ቁጥራቸው አንድ ነው። ባለ ግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ግን የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፣ ስኳር የሌለውም እንዲሁ። የተጣራ ክብደቱ ወይም የንግድ ስሙ ሲቀየር አዲስ ቁጥር መስጠት ግዴታ ነው። ካርቶኑም በመጋዘንና በጅምላ ንግድ የሚታወቅበት የራሱ ባለ 14 አኃዝ ቁጥር አለው።

ከፊት ያሉት ሦስት አኃዞች

በቴሌግራምና በፌስቡክ ዓመት ጠብቆ የሚመላለስ ማስጠንቀቂያ አለ፦ 690 እስከ 699 ከሆነ የቻይና ነው፣ አትግዙ፤ 729 ከሆነ የእስራኤል ነው፤ 471 ከሆነ የታይዋን ነው። የቁጥሮቹ ድልድል እውነት ነው። የሚሰጣቸው ትርጉም ግን ስህተት ነው። አኃዞቹ የሚናገሩት ድርጅቱ በየትኛው አገር ጽሕፈት ቤት እንደተመዘገበ እንጂ ዕቃው በየት አገር እንደተመረተ አይደለም። የመኪና ታርጋ መኪናው የት እንደተመዘገበ ይነግረናል፤ ፋብሪካው ቶዮታ ከተማ ይሁን ፓሪስ ግን ከታርጋው አይነበብም።

የኮካ ኮላው ጣሳ ጥሩ ማስረጃ ነው። መጠጡ የአሜሪካ፣ መለያው የቤልጂየም ነው፤ ጣሳው የሚሞላው ደግሞ በየአካባቢው ባሉ ፋብሪካዎች ነው። በአሜሪካ ውስጥ ግን ይኸው ኩባንያ 049000 ብለው የሚጀምሩ ቁጥሮችን ይጠቀማል። ሌላ ምሳሌ የኑቴላ ብልቃጥ ነው። ባለ 400 ግራሙ በፈረንሳይ የሚሸጠው 3017620422003 የሚል ቁጥር አለው፤ ከ300 እስከ 379 የፈረንሳይ ክልል ነው። የኑቴላ ባለቤት ፌሬሮ ግን የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ የጣሊያን ክልል ደግሞ ከ800 እስከ 839 ነው።

ነገሩ ለእኛ ይበልጥ የሚገባን በቡና ነው። ይርጋ ጨፌ የበቀለ ቡና በጀርመን የተመዘገበ ድርጅት ሐምቡርግ ቆልቶ ሲያሽገው ከ400 እስከ 440 ባለው በጀርመን ቁጥር ይሸጣል፤ በጃፓን የተመዘገበ ድርጅት ከቆላው በ45 ወይም በ49 የሚጀምር ቁጥር ይይዛል። የጀርመን ቁጥር ስለያዘ ጀርመን የበቀለ ቡና ነው የሚል የለም። በአንጻሩ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የኢትዮጵያ ቡና አይደለም ብሎ የሚተወው ገዢ የገበሬውን ልፋት ሳያውቅ ይገፋል። የምርቱን አገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማየት ያለበት በማሸጊያው ላይ በጽሑፍ የሰፈረውን «የተመረተበት አገር» የሚለውን መስመር ነው። ያ መስመር በሌለበት ዕቃ ላይ ባርኮዱ አይተካውም።

ለማጣቀሻ ያህል፣ አንባቢ በብዛት የሚያገኛቸው የመነሻ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ብሪታንያ ከ500 እስከ 509፣ ደቡብ አፍሪካ 600 እና 601፣ ኬንያ 616፣ ታንዛኒያ 620፣ ግብፅ 622፣ ሳዑዲ ዓረቢያ 628፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 629፣ ቱርክ 868 እና 869፣ ህንድ 890። በገልፍ አገሮች ወይም በአዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ 628 እና 629 ተደጋግመው መታየታቸው ብዙ ዕቃ በእነዚያ አገሮች በተመዘገቡ ድርጅቶች ስም ስለሚሸጥ ነው።

ከሞርስ ኮድና ከክብ መስመር እስከ ገንዘብ መቀበያ

የባርኮድ ሐሳብ የተወለደው ፊላደልፊያ በሚገኘው ድሬክሰል ኢንስቲትዩት ነው። በ1948 በርናርድ ሲልቨር የተባለ ተማሪ የአንድ የምግብ መደብር ኃላፊ በገንዘብ መቀበያው ላይ ዕቃን በራሱ የሚመዘግብ ዘዴ እንዲፈለግለት ሲለምን ሰማ፤ ለጓደኛው ለኖርማን ጆሴፍ ዉድላንድም ነገረው። ዉድላንድ ማያሚ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሳለ በልጅነቱ የተማረው የሞርስ ኮድ ትዝ አለው፤ ነጥብና ሰረዙን በጣቱ ወደ ታች ጎትቶ ቀጭንና ወፍራም መስመር አደረገው። ሁለቱ በ1949 አመልክተው በ1952 የፈጠራ መብት አገኙ። የመረጡት ንድፍ ግን ክብ በክብ ውስጥ የተደራረበ ነበር፤ ከየትኛውም አቅጣጫ እንዲነበብ ብለው ነው። መብቱን በ1962 በ15,000 ዶላር ሸጡት። ሲልቨር በሚቀጥለው ዓመት ሐሳቡ ሥራ ላይ ሲውል ሳያይ አረፈ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴዎች አንድ የጋራ ምልክት ለመምረጥ ኩባንያዎችን ሲያወዳድሩ፣ የአይቢኤም መሐንዲስ ጆርጅ ላውረር ቀጥ ባሉ መስመሮች የተሠራ ንድፍ አቀረበ። ክቡ ንድፍ ሲታተም ቀለሙ በማተሚያው አቅጣጫ ስለሚንሸራተት ይበላሽ ነበር፤ ቀጥ ያለው መስመር ግን ቀለሙ ወደ ርዝመቱ ቢንሸራተት ከመርዘም በቀር ምንም አይሆንም። ምርጫው በሚያዝያ 3 ቀን 1973 በላውረር ንድፍ ጸና። በሰኔ 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ግዛት ትሮይ ከተማ፣ ማርሽ በተባለ ሱፐርማርኬት፣ አንድ ጥቅል የሪግሊ ጁሲ ፍሩት ማስቲካ በ67 ሳንቲም ተሸጠ። በዚህ ባርኮድ በገንዘብ መቀበያ ላይ የተነበበው የመጀመሪያው ሸቀጥ እሱ ነው።

የአሜሪካው ቁጥር ባለ 12 አኃዝ ነበር። አውሮፓውያን በ1977 በብራስልስ የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ አንድ አኃዝ ከፊት ጨመሩበት፤ አሮጌው ባለ 12 አኃዝ ከፊቱ 0 ሲጨመርበት ያለ ችግር ይገባል። ሁለቱ ወገኖች ኋላ ተዋሕደው ከ2005 ጀምሮ ጂኤስ ዋን በሚል ስም ይሠራሉ። ዛሬ ይህ ድርጅት ከ110 በላይ አባል ጽሕፈት ቤቶች አሉት፤ የአገር መነሻ ቁጥር የሚባለው በእርግጥ የእነዚህ ጽሕፈት ቤቶች ቁጥር ነው።

የመጨረሻው አኃዝ አሠራር

የማረጋገጫውን አኃዝ ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊፈትሽ ይችላል። ከግራ ወደ ቀኝ ሲቆጠር በ1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛና 11ኛ ቦታ ያሉት አኃዞች ይደመራሉ። በ2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛ፣ 10ኛና 12ኛ ቦታ ያሉት ተደምረው በ3 ይባዛሉ። የሁለቱ ድምር ወደ ቀጣዩ የአሥር ብዜት ለመድረስ የሚጎድለው ቁጥር የማረጋገጫው አኃዝ ነው።

በኮካ ኮላው ቁጥር፦ 5+4+0+0+0+9 = 18። ቀጥሎ 4+9+0+0+0+9 = 22፣ ይህም በ3 ሲባዛ 66። 18 እና 66 ተደምረው 84። ወደ 90 ለመድረስ የሚጎድለው 6 ነው፤ በጣሳው ላይ የታተመውም 6 ነው።

ዘዴው አንድ አኃዝ ብቻ የተሳሳተበትን ቁጥር ሁሉ ያለ ማመንታት ይይዛል። 3 ከ10 ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌለው ማንኛውም አኃዝ በሌላ ሲተካ የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ ይለወጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡም አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል፤ ሰው ቁጥር ሲጽፍ ቶሎ የሚሠራው ስህተት ይህ በመሆኑ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። አንድ ክፍተት ግን አለ። የሁለቱ አኃዞች ልዩነት 5 ከሆነ ልውውጡ አይታይም። ከላይ ያለው ቁጥር ራሱ ይህ ድክመት አለበት፤ በ3ኛና በ4ኛ ቦታ ያሉት 4 እና 9 ናቸው። ቦታቸውን ለውጠን 5494000000996 ብንጽፍ የመጀመሪያው ድምር 23፣ ሁለተኛው 17 ሆኖ በ3 ሲባዛ 51፣ ጠቅላላው 74 ይመጣል፤ የሚጎድለው አሁንም 6 ነው። የማረጋገጫው አኃዝ ስለዚህ የጽሑፍ ስህተትን እንጂ ማጭበርበርን አይከላከልም። ሐሰተኛ ዕቃ የሚሠራ ሰው የእውነተኛውን ባርኮድ እንዳለ ቀድቶ ቢያትም ስሌቱ ፍጹም ትክክል ይሆንለታል።

መስመሮቹ

ባለ 13 አኃዙ ምልክት በአግድም 95 እኩል ቀጫጭን ክፍሎች አሉት። በሁለቱ ጫፎች ሦስት ሦስት፣ በመካከል አምስት ክፍሎች የሚይዙ ረዘም ያሉ ጠባቂ መስመሮች አሉ፤ ስካነሩ ምልክቱ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚከፈልና የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው በእነሱ ነው። በየመካከሉ ያሉት እያንዳንዳቸው 7 ክፍል የሚይዙ አኃዞች ናቸው፤ በግራ ስድስት፣ በቀኝ ስድስት። ይህ 12 ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛው፣ ማለትም ከግራ በኩል ከመስመሮቹ ውጭ ተነጥሎ የቆመው የመጀመሪያው አኃዝ፣ የራሱ መስመር የለውም። የግራዎቹ ስድስት አኃዞች በሁለት ዓይነት መንገድ ሊሣሉ ይችላሉ፤ ስካነሩ የትኛው በየትኛው መንገድ እንደተሣለ አይቶ የተደበቀውን አኃዝ ያገኛል። አውሮፓውያን የአሜሪካውን ምልክት ሳያሰፉ አንድ አኃዝ የጨመሩበት ብልሃት ይህ ነው፤ ከንድፉ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። የግራና የቀኝ አሣሣል የተለያየ ስለሆነ ዕቃው ተገልብጦ ቢነበብ እንኳ ቁጥሩ አይገለበጥም።

ማተሚያ ቤት ለሚሠራ ሰው ሁለት ነገሮች ወሳኝ ናቸው። አንደኛው በግራና በቀኝ ያለው ባዶ ኅዳግ ነው፤ ማስጌጫ ወይም ጽሑፍ ከገባበት ስካነሩ መነሻውን ያጣል። ሁለተኛው ቀለም ነው። አብዛኛው ስካነር ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀም ነጭ ላይ በቀይ የታተመ መስመር ለማሽኑ እንደ ነጭ ይታያል። ቆንጆ ሆኖ የተሠራ ቀይ ባርኮድ ያለው ማሸጊያ አምራቹን ለዳግም ማተሚያ ወጪ ይዳርገዋል።

በጠባቂዎቹ መስመሮች ላይ አንድ ስጋት ይነገራል፤ በእኛም ምእመናን ዘንድ ይሰማል። ሦስቱም በቀኝ በኩል ከሚሣለው የ6 ቁጥር ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ጋር ስለሚመሳሰሉ 666 ተጽፎበታል ይባላል። መመሳሰሉ በዓይን የሚታይ ነው። 6 ግን ሁለቱን ቀጫጭን መስመሮች ተከትሎ የሚመጣውን ሰፊ ነጭ ቦታ ጨምሮ 7 ክፍል የሚይዝ አኃዝ ነው፤ ጠባቂዎቹ 3 ወይም 5 ክፍል ብቻ ስለሆኑ የትኛውም ማሽን እንደ ቁጥር አያነባቸውም። ላውረርም ነገሩ ከመገጣጠም ያለፈ እንዳልሆነ ተናግሯል። ስጋቱ ከእምነት የመጣ በመሆኑ በንቀት ሊታለፍ አይገባም፤ መልሱ ግን በመስመሮቹ አሠራር ውስጥ ግልጽ ሆኖ ይገኛል።

ልዩ መነሻዎች

ከመነሻ ቁጥሮቹ መካከል ከአገር ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው አሉ። በ2 የሚጀምር ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ሱቁ ለራሱ የሰጠው ነው። በሱፐርማርኬት ሥጋ ወይም አይብ ተመዝኖ ሚዛኑ የሚያትመው ወረቀት እንዲህ ያለ ነው፤ በዚህ ጊዜ ብቻ ክብደቱ ወይም ዋጋው በቁጥሩ ውስጥ ይገባል። ይህ ቁጥር ከሱቁ በር ውጭ ትርጉም የለውም።

977 ለመጽሔትና ለሌሎች ተከታታይ ኅትመቶች፣ 978 እና 979 ለመጻሕፍት የተለዩ ናቸው። የመጻሕፍት መለያ ቁጥር ቀድሞ 10 አኃዝ ነበረው፤ ከጥር 1 ቀን 2007 ጀምሮ ወደ 13 አድጎ ከሸቀጦች ሥርዓት ጋር ተገጣጠመ። ከ978 ቀጥሎ ያሉት አኃዞች የአገር ወይም የቋንቋ ክልልን ያሳያሉ፤ 978 99944 ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ በኢትዮጵያ ለሚገኝ አሳታሚ የተሰጠ ቁጥር የያዘ ነው። እዚህም ቢሆን የሚታወቀው የአሳታሚው አገር ወይም ክልል ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ አሳታሚ ያወጣው የአማርኛ መጽሐፍ የዚያን አገር ወይም ክልል ቁጥር ይይዛል።

በአሜሪካ ገበያ በፍራፍሬ ላይ የሚለጠፈው ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ግን ሌላ ሥርዓት ነው። 4011 የተለመደው ቢጫ ሙዝ ነው፤ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የለማው ሙዝ ከፊቱ 9 ተጨምሮበት 94011 ይሆናል።

ቁጥር ማውጣት

በርበሬ፣ ሽሮ ወይም የተቆላ ቡና አሽጎ ለሱፐርማርኬት ማቅረብ የሚፈልግ ሰው መለያውን የሚያገኘው በሚሠራበት አገር ካለው የጂኤስ ዋን ጽሕፈት ቤት ነው። በኢንተርኔት በርካሽ ቁጥር የሚሸጡ አሉ፤ የሚሸጡት ግን ቀድሞ በሌላ ድርጅት ስም የተመዘገበ መለያ ቁራጭ ነው። ስካነሩ ያነበዋል፤ መዝገቡ ሲታይ ግን የሚወጣው የሌላ ሰው ስም ነው። አማዞንን የመሰሉ ትልልቅ መደብሮች ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ስለሚያመሳክሩ ውጭ አገር ሆነው የአገር ቤት ቅመም በኢንተርኔት ለመሸጥ የሚሞክሩ ወገኖች እንዲህ ባለ ቁጥር ዕቃቸው ሊታገድባቸው ይችላል። መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለውን ክፍያ መክፈል ኋላ ማሸጊያውን ሁሉ ከመጣል ይሻላል።

ዋጋና የአገልግሎት ዘመን

ሸቀጡ ሲነበብ የሚታየው ዋጋ የሚመጣው ከሱቁ ኮምፒውተር ነው። ቁጥሩ እዚያ ያለውን መዝገብ ይጠራል፤ ባለ ሱቁ ማታ ዋጋውን ቢለውጥ ጠዋት ያው ባርኮድ አዲሱን ዋጋ ያወጣል። የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜም በመስመሮቹ ውስጥ የለም። ጊዜው ያለፈበት ወተትና ትናንት የታሸገው ወተት በስካነር ፊት አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ቀኑን በዓይን ማየት የገዢው ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጉድለት የሚሞላው ነጠብጣብ የሞላበት አራት ማዕዘን ምልክት ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኪውአር ኮድ በጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ በ1994 ተሠራ። በመድኃኒት ፓኮዎች ላይ የሚታየው ደግሞ ዳታ ማትሪክስ ይባላል፤ ከአጠገቡ በቅንፍ ውስጥ ያሉ ቁጥሮች ከታተሙ ማንም ሊያነባቸው ይችላል። ከ(01) ቀጥሎ ያለው የምርቱ ቁጥር ነው፣ ከፊቱ አኃዝ ተጨምሮ 14 የሆነ። ከ(10) ቀጥሎ የምርት ዙሩ ቁጥር ይመጣል። ከ(17) ቀጥሎ ያሉት ስድስት አኃዞች ማብቂያውን በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል ይገልጻሉ፤ 270630 ማለት ሰኔ 30 ቀን 2027 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ይህም በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጎ የሚያነብ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ገና ብዙ ዓመት የቀረው ሊመስለው ስለሚችል ይህን ልዩነት ማወቅ ለጤና የሚጠቅም ነገር ነው። ከ(21) ቀጥሎ ያለው የዚያች አንዲት ፓኮ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከዚህ በፊት ያየናቸው የባርኮድ ቁጥሮች የምርቱን ዓይነት ሲጠሩ ይህኛው አንዷን ፓኮ ለይቶ ይጠራል። የአንድ ምርት ያው ቁጥር በሁለት የተለያዩ ፓኮዎች ላይ ከተገኘ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የተቀዳ ነው።